ዋስህን ጥራ

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በጉም ውስጥ እየዞረ «ጋሽ ወልደየስ አርፈዋል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!» ሲል ሱቄን እየከፈትኩ ነበር። የስፌት መኪናዬን ክዳን እንደያዝኩ ቆምኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «አሁንማ ሰማይ ቤት ፋታ የላቸውም» የሚል ነው። ጋሽ ወልደየስ መልአከ ሞትን ራሱን «መጥሪያህ የታለ? በደንብ አልደረሰኝም፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ» ሳይሉት ዝም ብለው ተከትለውት ሄዱ ቢሉኝ አላምንም። ከዚያ በሬ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡባትን በርጩማ አየኋት። እሷው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለማያውቃቸው ልንገር። ጋሽ ወልደየስ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ጎረቤቴ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነፋስ ይወስዳቸዋል የሚባሉ ዓይነት ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው ጋር አይሄድም፤ በሹክሹክታ ሲያወሩ ከሱቄ እስከ መናኸሪያው ይሰማል። እርሻ ነበራቸው፣ በግ ነበራቸው፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ነበሩላቸው። ከሁሉም በላይ ግን ሙግት ነበራቸው። ሌላው ሰው ሲከፋው ጠበል ይሄዳል፤ እሳቸው ሲከፋቸው ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። የራሳቸው ጉዳይ ባይኖር እንኳ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሰው ክርክር ሲሰሙ ይውላሉ። ሲወጡ ደግሞ «ያ ከሳሽ ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ ነገሩን አበላሸው» እያሉ ሰው ስለ ኳስ እንደሚያወራው ያወራሉ።

ያረጁት ከሚስታቸው ወንድም ጋር በአንዲት የወሰን መሬት ሲካሰሱ ነው። መሬቷን አይቻታለሁ፤ ጋቢ ቢያሰጡባት የጋቢው ጥለት ከወሰኑ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች ችሎት ፊት ሲሟገቱ ውለው ማታ አንድ መኪና ተሳፍረው ይመለሳሉ፤ እትዬ አስካለ ያቀረቡትን አብረው ይበላሉ። በመጨረሻ ወንድምየው «ደከመኝ፣ ውሰዳት» ብለው መሬቷን ለቀቁላቸው። ጋሽ ወልደየስ ሳምንቱን አልጋ ላይ ዋሉ።

«ምነው፣ ረታህ እኮ!» ቢሏቸው እትዬ አስካለ፣ «አይ አስካለ፣ መች ተከራከርኩና!» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሙግቱን የተማሩት ካባታቸው ነው። በድሮው ጊዜ በኛ አገር ተሟጋች ዳኛ ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ይጠራል። ዋስ ማለት ሰውየው ቢሸነፍ የሚከፍልለት፣ ቢጠፋ ፈልጎ የሚያቀርበው ሰው ነው። ዋስ ያልጠራ ሰው አፉን ቢከፍት የሚሰማው የለም። መንገድ ላይ የተጣላም ቢሆን «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እግሩን አያነሳም፤ ቆሞ ይዳኛል። ይህን ሁሉ አባቶች ለሙግት ነው ያበጁት። ጋሽ ወልደየስ ግን ለሁሉም ነገር ያውሉት ነበር። እኔ የልብስ ቀጠሮ ስሰጥ፣ «ለአርብ ይደርሳል» ካልኩ፣ ሰው ቆሞ እየሰማ፣

«ዋስሽን ጥሪ» ይሉኛል።

«እሺ፤ እትዬ አስካለ ዋሴ ናቸው» ካላልኩ ከሱቄ አይወጡም። አርብ ሱሪያቸው ካልደረሰ ደግሞ እኔን ምንም አይሉኝም፤ ቤታቸው ሄደው ሚስታቸውን ነው የሚጨቀጭቁት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጣል አድርገው እየሮጡ ይመጣሉ። «ስንዱ፣ በናትሽ ይህን ሱሪ ጨርሺለት፤ ከገዛ ቤቴ ልታስወጪኝ ነው!» እንዲህ ያለ ደንበኛ ጠላቴንም አይግጠመው።

በለጡ ደግሞ ከጓሮዬ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ ጌታነህ ከሞተ ወዲህ ሱፍ እየፈተለች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ትሸጣለች፤ ጥቂት በጎች አሏት፤ በዚያ ልጇን ታስተምራለች። አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ ያስቸገረች የሚመስላት ሴት ነበረች። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት በጎቿን እየነዳች በሱቄ በር አለፈች። እኔ ቀና ብዬም አላየሁ። ጋሽ ወልደየስ ግን በርጩማቸው ላይ ሆነው አዩ፤ ከበጎቹ መሐል ሆዳቸው የገፋ፣ ዛሬ ነገ የሚወልዱ ነበሩ። በኛ አገር ልትወልድ የደረሰች በግ ለገበያ የሚነዳ ሰው ወይ ቤቱ ተቃጥሏል ወይ የሆነ ነገር ደርሶበታል።

«በለጡ!» አሉ። አልሰማችም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

«በሕግ አምላክ!»

ቆመች። እውነቴን ነው፣ በጎቹም ቆሙ።

«ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እጇን ይዤ ወደ ሱቁ አስገባኋት። በብዙ ልመና ነው የተናገረችው። ካዲሳባ ከሕግ ክፍል ነኝ የሚል ሰው ደውሎላታል። ጌታነህ በሕይወቱ ሳለ በስልኩ ብድር ወስዶ ሳይከፍል ነው የሞተው፤ አሁን ክሱ ባንቺ ላይ ዞሯል ብሏታል። ደንግጣ ሱፍ የሸጠችበትን ገንዘብ እንዳለ በስልክ ላከችለት። ጉዱ በዚያ አላበቃም፤ ሰውየው ደግሞ ተመልሶ ደወለ። ወለዱ ቀርቷል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልላክሽ ፖሊስ በካቴና አስሮ በገበያ መሐል ይወስድሻል፤ ቤትሽም ይታሸጋል።

«ታዲያ እንዲህ ሲሆን ለኛ አትናገሪም?» አልኩ ቱግ ብዬ።

«ለሰው ከተናገርሽ ክሱ ይከብድብሻል አለኛ! ደግሞስ ምን ብዬ ልናገር ስንዱ? ጌታነህ ባለዕዳ ሆኖ ሞተ ልበል? የሞተ ሰው ስም ገበያ ላውጣ?»

«ኧረ ሌባ ነው! ይህ እኮ የታወቀ ማጭበርበር ነው።»

«ሌባማ እንዴት የባሌን ስም ያውቃል? የልጄን ስም ጠርቶልኛል፤ ቀበሌዬን ጠርቶልኛል።»

«የጌታነህን ሙት ዓመት ዘመዶቹ ከነፎቶው፣ ከነልጁ ስም ኢንተርኔት ላይ ለጥፈውት የለ? ማንም ያነበዋል!»

አላመነችኝም። እኔ ምኗ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። ያኛው «በሕግ» ብሏታል። በለጡን የመሰለች ሴት «በሕግ» ከተባለች ሌላ ነገር አይሰማትም። ጋሽ ወልደየስ ያግዙኛል ብዬ ዞር ስል፣ ወይ ጉዴ! ፊታቸው በርቷል። የሚስታቸው ወንድም መሬቱን ከለቀቁ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«ክስ አለ ነው የምትይኝ?» አሏት።

«አዎ ጋሼ።»

«በይ ደውይልኝ።»

ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ወልደየስ ተነሱ፤ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን አደገደጉ። ለስልክ!

«ሃሎ፣ እንደምን አደርክ። የበለጡ ነገረ ፈጅ ነኝ። ከሳሹ ማን ይባላል?»

«አንተ ደግሞ ማነህ? ስልኩን ለሷ ስጥ!» አለ ሰውየው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አለኝ፤ ሰምተሻል? ምስክር ነሽ።» ወደ ስልኩ ተመለሱ። «የትኛው ፍርድ ቤት ነው የተከሰሰችው? የትኛው ችሎት? መጥሪያው መቼ ወጣ? ማን ፈርሞ ተቀበለ?»

«መጥሪያ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ በሕግ ተይዟል።»

«በሕግ ከተያዘማ ደግ። እንግዲያው ዋስህን ጥራ።»

«ምን?»

«ዋስህን ጥራ! ብትሸነፍ የሚከፍል፣ ብትጠፋ የሚያቀርብህ። እኔ ጠርቻለሁ፤ ዋሴ ስንዱ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ። ያንተስ ዋስ ማን ነው?»

እኔ ደግሞ መቼ ነው ዋስ የሆንኩት? መቀሴን እንደያዝኩ ዋስ ሆኜ ቀረሁ።

«ሽማግሌ፣ ጊዜዬን አታቃጥል!» ሰውየው ጮኸ። «ዛሬ ካልከፈለች ሰኞ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከዚያ በቀጥታ እስር ቤት ነው!»

«እንቀርባለን!» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

የሰውየው ድምፅ ለስለስ አለ። «መቅረብማ... መቅረቡ ምን ያደርግላችኋል? መንገዱ ሩቅ ነው፤ ወጪ ነው። እዚያው ሆናችሁ ብትልኩት ይሻላል።»

«ግድ የለም፣ እንቀርባለን። በስንት ሰዓት ነው?»

«አባቴ፣ መምጣት አያስፈልግዎትም እያልኩ ነው እኮ!»

«እንዴት ያለኸው ከሳሽ ነህ ልጄ? ተከሳሹ ልቅረብ ሲል የሚከፋው ከሳሽ እስካሁን አላየሁም።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ በሳቅ ልፈርስ ደርሻለሁ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሌባው ራሱን በራሱ አጋለጠ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ለካስ በለጡ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሰኞ። ጋሽ ወልደየስም እንደዚሁ ሰኞን ብቻ ነው የሰሙት። እሷ በፍርሃት፣ እሳቸው በደስታ።

አንድ ነገር ግን ተረፈ። በለጡ በጎቹን ወደ ገበያ ልትነዳ ስትነሳ ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ዘጉባት። «ክርክር የተነሳበት ንብረት አይሸጥም» አሉ፤ በጎቹም ወደ በረታቸው ተመለሱ። ስልኳንም ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ቅዳሜና እሑድ ሲጮህ ዋለ፤ እሳቸው «ተከራካሪ ከችሎት ውጭ አይነጋገርም» እያሉ አላነሱትም። በለጡ ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፈች እሷና አምላኳ ያውቃሉ።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ የሙሽራ ልብስ ጥዬ ነው የምሄደው፤ ዋስ ነኛ! እያጉረመረምኩ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወልደየስ የችሎት በርኖሳቸውን ደርበዋል፤ ያቺ ጥቁር በርኖስ ከወጣች አገሩ ሁሉ ዛሬ ሙግት አለ ብሎ ያውቃል። መቃወሚያቸውን ከፊት ለተቀመጠው ተሳፋሪ ያሰሙታል፤ ሰውየው መውረጃው ደርሶ «አባቴ፣ ልውረድበት» ቢል «ቆይ፣ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነኝ» ብለው ያዙት።

በለጡ በመስኮቱ በኩል ጥቅልል ብላ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ትልቅ ጥቅል አለ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አልኳት።

«ስንቅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዳቦ ጋግሬ ነው። ባናም ጨምሬበታለሁ፤ የእስር ቤት ሲሚንቶ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጄን ለእህቴ አደራ ብያለሁ፤ በጎቹን እትዬ አስካለ ያዩልኛል። ስንዱ፣ ባልመለስ ልጄ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራሽን።»

ይህች ሴት ልትታሰር ተዘጋጅታ ነው የወጣችው። ባሏ ዕዳ አለበት ብላ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ጠራኝ ብላ ነው። ማጉረምረሜን ተውኩና እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት በመስኮቱ በኩል ተቀበለችን። ጋሽ ወልደየስ ቀረቡ፣ አደገደጉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀጠሮ አለን። በለጡ ተከሳሽ ናት፤ እኔ ነገረ ፈጅ፤ ይህች ዋሳችን ናት።»

ልጅቱ ሙሉ ስሟን ጠይቃ ኮምፒዩተሯን አየች። «አባቴ፣ በዚህ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም።»

«በባሏ እይልኝ፤ በጌታነህ።»

«እሱም የለም።»

ጋሽ ወልደየስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «በኔስ? ወልደየስ። ሥራ አደናቀፈብኝ ብሎ ከሶኝ እንደሆነስ?»

«በእርስዎም የለም አባቴ። ለመሆኑ ክስ አለባችሁ ያላችሁ ማን ነው?»

ነገርናት። ልጅቱ መነጽሯን አወለቀች። «እናቴ» አለቻት በለጡን፣ «ፍርድ ቤት ስልክ ደውሎ ገንዘብ ላኪ አይልም። ክስ ካለ መጥሪያ በጽሑፍ ይደርስሻል፤ ቀኑ፣ ችሎቱ፣ ማህተሙ ያለበት። መልስሽን የምትሰጪበት ጊዜም ይሰጥሻል። ለማንም አትናገሪ፣ አሁኑኑ ላኪ የሚል ሰው ሌባ ነው። ዛሬውኑ ለፖሊስ አመልክቺ።»

«ታዲያ ጌታነህ ዕዳ የለበትም?»

«ዕዳ ቢኖርበት ባለገንዘቡ ማስረጃውን ይዞ ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። እዚህ በስሙ ምንም የለም።»

በለጡ ያን ጊዜ ነው ያመነችው። እኔ ሌባ ነው ብዬ ስጮህ ያልሰማች ሴት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ «ምንም የለም» ስትላት ሰማች። ጥቅሏን ደረቷ ላይ አቅፋ እልል አለች። ፍርድ ቤት ውስጥ! ዘቡ እየሮጠ መጣ፤ ሰርግ ነው ወይስ ጠብ ብሎ ግራ ገባው።

ጋሽ ወልደየስን ብፈልጋቸው የሉም። ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። ያቺ በርኖስ ተጨማድዳለች። እኔም ንዴቴ መጣ።

«ጋሼ፣ መጥሪያ ምን እንደሆነ ከርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜዎን ሙሉ ሲቀበሉ ኖረዋል! ይህ ውሸት መሆኑን እንዴት አጡት?»

«አላጣሁትም ስንዱ። መጥሪያ አያስፈልግም ሲል ሆዴ ነግሮኛል። ግን ምናልባት ሕጉ ተሻሽሎ ይሆናል ብዬ...»

«ብለው?»

«ተስፋ አደረግሁ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን የሰውየውን ቁጥርም፣ ገንዘቡ የተላከበትንም አስመዘገብን። የሄደው ገንዘብ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። በለጡ ግን ነፃ ሰው ሆና ተሳፈረች። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ያን ጥቅል ፈታችና ለእስር ቤት የጋገረችውን ዳቦ ለተሳፋሪው ሁሉ ታድል ጀመር። ሾፌሩም ደረሰው። የእስር ቤት ስንቅ እንደዚያ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባናውን ደግሞ ከበርኖሳቸው በላይ ለጋሽ ወልደየስ ደረበችላቸው፤ አኩርፈው ነበርና መቃወሚያም አላቀረቡ። ጣርማ በር ስንደርስ ነው ዳቦውን የቀመሱት።

«እኔን ያናደደኝ ሌብነቱ አይደለም» አሉኝ እያኘኩ። «ሌባ ድሮም ነበር። ግን እንዴት በሕግ እያለ ይሰርቃል? ሰው በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆመው፣ ከቆመ በኋላ የሚሰማው ስላለ ነው። ይህ ሰውዬ አቁሞ ኪስ ነው የሚገባው። እንግዲህ ሰው መቆም ይተዋል፤ ያን ጊዜ ምን ሊኮን ነው?»

ያን ቀን አላሾፍኩባቸውም። በሚቀጥለው ቀን አሾፍኩ።

ሙግት አጥተው የተመለሱ ሰው ዝም ብለው አይቀመጡምና በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሱ። የራሳቸውን ጉድ አንድም ሳይቀንሱ፣ በዚያ ድምፃቸው፣ ከሳሽ ፍለጋ ደብረ ብርሃን መሄዳቸውን ተናገሩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ በለጡ ሳትጠራ ተነሳችና «የላኩት እኔ ነኝ» አለች። ሳቁ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አንድ መምህር ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ልኬ ነበር» አለ። ቀጥሎ አንዲት ባለሱቅ። ስንት ሰው ነው አፍሮ ዝም ያለው! እያንዳንዱ እሱ ብቻ የተዋረደ ይመስለው ነበር።

ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን አነሱ። «በሕግ አምላክ! ከዛሬ ጀምሮ የማስፈራሪያ ስልክ ብቻውን የሚመልስ የእድር አባል እንዳይኖር። ሲያስፈራሯችሁ ስልኩን ዝጉ። ዋሳችሁን ጥሩ፤ ጎረቤታችሁ ጋ ሂዱ፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ፍርድ ቤቱን ራሱን ጠይቁ። እውነተኛ ክስ አይሸሽም፤ ቆሞ ይጠብቃችኋል።»

ከዚያ ወዲያ የኔ ሱቅ በር ችሎት ሆነ። ስልኩ ያስደነገጠው ሁሉ ወደ በርጩማዋ ይመጣል። ጋሽ ወልደየስ ጋቢያቸውን ያደገድጉና «ዋስህን ጥራ!» ይላሉ። ሌቦቹ በመጨረሻ ድምፃቸውን ለመዱት መሰለኝ፣ ገና «ሃሎ» ሲሉ ይዘጉ ጀመር። «አንቺ አናግሪያቸው ስንዱ፣ እኔን አወቁኝ» ይሉኛል ቅር ብሏቸው። ከሁሉ የከፋቸው ግን በራሳቸው ስልክ አንድም ቀን አለመደወሉ ነው። ያቺን ትንሽ ስልክ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በየቀኑ ቻርጅ አድርገው ይጠብቃሉ። «አገሩን ሁሉ ሲከሱ እኔን ምነው ዘለሉኝ? ከሰው ምን አንሼ ነው?» ይሉ ነበር። እኔም «ይደውሉልዎታል ጋሼ» ስላቸው «ዋስሽን ጥሪ» ይሉኛል።

ሳይደወልላቸው ሞቱ። ከታመሙም አልቆዩም። በቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት የሚስታቸው ወንድም ናቸው፤ «ከእንግዲህ ማን ይከሰኛል!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አገሩን አስለቀሱት።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። እትዬ አስካለ የባላቸውን ስልክ አንገታቸው ላይ አጥልቀውታል፤ ከሞቱ ጀምሮ አላወለቁትም። ዝም ባልንበት ስልኩ ጮኸ። ከሩቅ ያለ ዘመድ ነው ብለው አነሱት። ጋሽ ወልደየስ ድምፁን የመጨረሻ ከፍታ ላይ አድርገውት ስለነበር ድንኳኑ ሁሉ ሰማ።

«ወልደየስ የሚባል አለ? ከሕግ ክፍል ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ስላለበት ክስ ተመሥርቶበታል።»

«አሁን?» አሉ እትዬ አስካለ። «አሁን ነው የምትደውለው?»

«ሴትዮ፣ ስልኩን ለሱ ስጪው! በሕግ ነው የምናገረው!»

እኔ ልነሳ ስል በለጡ ቀደመችኝ። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው በለጡ። ስልኩን ከእትዬ አስካለ እጅ ወሰደች፤ በድንኳኑ መሐል ቆማ ነጠላዋን አደገደገች።

«ዋስህን ጥራ» አለች።

«ምን?»

«ዋስህን ጥራ! የጋሽ ወልደየስ ዋስ እኔ ነኝ። በለጡ እባላለሁ፤ የጌታነህ ሚስት። የትኛው ችሎት ነው? ስለሳቸው እኔ እቀርባለሁ።»

ተዘጋ። ከዚያ እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው ሲንቀጠቀጡ፣ ማልቀሳቸው ነው ብለን ስንነሳ፣ እየሳቁ ነው። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ይህን ክስ ስንት ዘመን ጠበቀው መሰላችሁ!» አሉ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደውል ኖሮ እኮ አይሞትም ነበር!»

ለቀስተኛው ሁሉ እየሳቀ አለቀሰ። «በለጡ፣ በይ ተቀመጪ» አልኳት። አልተቀመጠችም። ሰውየው ተመልሶ ይደውል እንደሆን ስልኩን ይዛ፣ እንዳደገደገች ቆማ ጠበቀች።